ጉልበቱ «አልቋል» ከተባለ አጥንቱ ለምን ይበቅላል?

ጥያቄው፦

«ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ኩታበር ነው የምትኖረው። ሁለቱንም ጉልበቷን ካመማት ሦስት ዓመት አልፏታል። ቁልቁለት ስትወርድ ይብስባታል። ሶላት ላይም ከሱጁድ መነሳት አቅቷታል። በቅርቡ እዚህ አምጥቻት ኤክስሬይ ተነሳች። ያነበበው ባለሙያ ‹ልም አጥንቱ አልቋል፤ ዳር ዳሩን ደግሞ አጥንት በቅሏል› አለን። ብዙ እንዳትንቀሳቀስም መከራት። ካለቀ እንዴት ይበቅላል? ከበቀለስ እንዴት አለቀ ይባላል? ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ 43 ዓመቷ ነው። ከአምስት ወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሁለት እጇ ጣቶች አብጠው ድርቅ ይላሉ። እስከ ረፋድ እንዝርት መጨበጥ አትችልም። ሰው ሁሉ ‹የእህቷ ነው የያዛት፣ የዘር ቁርጥማት ነው› ይላል። እውነት ነው? ለጊዜው ሁለቱም አንድ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ ክኒን እየወሰዱ ነው፤ በላስቲክ ተቋጥሮ ነው የሚሰጣቸው።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ «ካለቀ እንዴት ይበቅላል» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገጥመኝም። አብዛኛው ታካሚ «አልቋል» ሲባል አንገቱን ደፍቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ከጻፍከው ተነስቼ ስገምት የእናትህና የአክስትህ ሕመም አንድ አይደለም። በእናትህ ጉልበት ውስጥ ሰውነት አጥንት እየጨመረ ነው። በአክስትህ ጣቶች ውስጥ ደግሞ፣ ቶሎ ካልታከሙ፣ አጥንት ሊበላ ይችላል። እናትህ መራመድ አለባቸው። አክስትህ ደግሞ ሐኪም ለማየት መቆየት የለባቸውም። ክኒኑ ላይ ኋላ እመጣበታለሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ልም አጥንት ምን እንደሆነ እንግባባ። የበግ ቅልጥም ስትግጥ ጫፉ ላይ የምታገኘው ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጥርስ የሚያንሸራትት ነገር እሱ ነው። በቢላ ጫፍ ስትነካው ስስ ልጣጭ ሆኖ ይነሳል። ከሥሩ ቀላ ያለ አጥንት ብቅ ይላል። ነጩ ላይ ግን ብትፈልግ ብትፈልግ አንዲት የደም ሥር አታይም። የለውማ። ነርቭም የለውም። በሰው ጉልበት ውስጥ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ይቺን ታክላ ዕድሜ ልኳን ተሸክማን ትኖራለች። ሜዳ ላይ ስንራመድ ጉልበት የሚያርፍበት ጫና ከሰውነታችን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ነው። ደረጃ ወይም ቁልቁለት ስንወርድ ከሦስት እጥፍም ያልፋል። እናትህ ቁልቁለቱ ባሰብኝ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ሁሉ እንዴት ቻለችው? ሽምብራ በጠባብ ከረጢት ጠቅጥቀህ፣ አፉን አስረህ ብትዘፈዝፈው አስብ። ሽምብራው ውሃ ጠጥቶ ማበጥ ይፈልጋል። ከረጢቱ አላሳብጥም ይላል። በዚህ ግብግብ ከረጢቱ ውጥር ይላል፤ ብትቀመጥበትም አይሟሽሽም። ልም አጥንትም ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ውሃውን የሚይዙት ፕሮቲዮግላይካን የሚባሉ ትልልቅ ሞለኪዩሎች ናቸው። እነሱን ወጥሮ የያዘው ደግሞ ከኮላጅን የተሠራ መረብ ነው። ሽምብራው ይተካል፤ ልም አጥንቱ ውስጥ ያሉት ጥቂት ሴሎች እየሠሩ ያወጡታል። ከረጢቱ ግን አይተካም ማለት ይቻላል። አሁን እናትህ ጉልበት ውስጥ ያለው የኮላጅን መረብ በልጅነታቸው የተሠራው ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተሠራላቸውም። እኔም አንተም እንደዚያው ነን።

ሌላም ነገር አለ። የደም ሥር ከሌለው ምግብ ከየት ያገኛል? ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። እግራችን መሬት ሲረግጥ ልም አጥንቱ ይጨመቅና ውሃ ያወጣል። ስናነሳው መልሶ ይመጣል፤ ምግብም ይዞ ይገባል። የማይንቀሳቀስ ጉልበት የሚራብ ጉልበት ነው። በአከርካሪ ጉዳት እግራቸው ሽባ የሆነ ሰዎች ደግሞ፣ ጉልበታቸው ላይ ምንም ሸክም ሳያርፍ፣ ልም አጥንታቸው እየሳሳ ይሄዳል። «ብዙ እንዳትንቀሳቀሺ» የሚለውን ምክር ሳነብ የተናደድኩት ለዚህ ነው። ባለሙያውን አልወቅስም፤ አዝኖላቸው ነው። ምክሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ብዙ ሰው ልም አጥንት በተራመድን ቁጥር እየተፋቀ የሚያልቅ ነገር ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ለጤንነታቸው የሚሮጡ ሰዎች ጉልበት ቀድሞ በጠፋ ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው፤ በልክ የሚሮጡ ሰዎች ከማይሮጡት የበለጠ የጉልበት ሕመም የለባቸውም። ዕቃ ሲታሻሽ ይሳሳል። ሕይወት ያለው አካል ግን ሲነካ መልስ ይሰጣል። ችግሩም ያለው መልሱ ላይ ነው።

የእናትህ ሕመም ኦስቲኦአርትራይተስ ይባላል። ሲጀምር አንድ ነገር የልም አጥንቱን ሴሎች ያስቆጣቸዋል። የድሮ ውድቀት ሊሆን ይችላል፣ የእግር መወልገድ፣ ከባድ ሸክም፣ ውፍረት፣ ዕድሜ፣ ከዘር የመጣ ነገርም ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ ጥቂቶቹ ተደራርበው ነው። የተቆጡት ሴሎች ታዲያ መሥራቱን ትተው የራሳቸውን መረብ የሚቆራርጥ ኢንዛይም ማመንጨት ይጀምራሉ። መረቡ ሲላላ ልም አጥንቱ በመጀመሪያ አይደርቅም፤ እንዲያውም ውሃ ያበዛና ይለሰልሳል። ገጹ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። ሴሎቹ ይባስ ብለው እየተከፋፈሉ በክምር በክምር ይሰባሰባሉ። ለመጠገን መሞከራቸው ነው፤ አይሳካላቸውም። የተቆራረጠው ፍርፋሪ ፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ፍርፋሪውን ሊያጸዳ ሲል ይቆጣል። ጉልበት አንዳንዴ ውሃ ቋጥሮ የሚነሳው ያኔ ነው። ቁጣው ደግሞ ተጨማሪ ኢንዛይም ያመጣል። እንዲህ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ አጥንቱ። አጥንት ደም አለው፣ ነርቭ አለው፣ ሥራም አይፈታም። የአዋቂ ሰው አጥንት በየዓመቱ አንድ አሥረኛ የሚሆነው ፈርሶ ይሠራል። አፍራሽ ሴሎች አሉ፤ አሮጌውን ይበላሉ። ገንቢ ሴሎች አሉ፤ ኋላ ኋላቸው እየተከተሉ ይሞላሉ። የት መሞላት እንዳለበት የሚያዘው በዋናነት ሸክም ነው። ይህን ነገር ዩሊየስ ቮልፍ የሚባል ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1892 እ.ኤ.አ. በሰፊው ጽፎታል። ሸክም የበዛበት አጥንት ይጠነክራል፣ ሸክም የጎደለበት ይሳሳል። ጠፈር ላይ ክብደት አጥተው የሚቆዩ ሰዎች ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይቀንስባቸዋል፤ ያውም ምንም ሳይታመሙ።

የእናትህ ልም አጥንት ሲላላ ጫናው ሥሩ ላለው አጥንት በቀጥታ ይደርሰዋል። አጥንቱም የሚያውቀውን ያደርጋል፤ ይጠቀጠቃል፣ ይወፍራል። ኤክስሬዩን ወደ ብርሃን አንስተህ ብታየው ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ነጣ ያለ መስመር ታገኛለህ፤ እሱ ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ግን የደነደነ አጥንት ንዝረት አይውጥም። ንዝረቱን መልሶ ወደ ልም አጥንቱ ይልከዋል።

በዳር በዳሩ የበቀለው ደግሞ የባሰ የሚገርም ነው። አጥንት ሆኖ አይጀምርም። በመገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ ያሉ ሴሎች መጀመሪያ አዲስ ልም አጥንት ይሠራሉ። ከዚያ ያ ልም አጥንት ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ይለወጣል። ልክ ሕፃን ማህፀን ውስጥ አጥንቱ በሚሠራበት መንገድ። አየህ? መሀል ላይ የሚያስፈልገውን ልም አጥንት መተካት ያቃተው ሰውነት ዳር ላይ አዲስ ያበቅላል። ለምን መሀል ላይ አልቻለም ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ዳሩ የደም ሥር ያለው ሽፋን ይደርስበታል፤ መሀሉ አይደርስበትም። የበቀለው አጥንት ገጹን ያሰፋል፣ የሚወዛወዘውን ጉልበትም ትንሽ ያስረግጠዋል። ስለዚህ «ተቆርጦ ይውጣልኝ» የሚባል ነገር አይደለም። በጣም ገኖ እንቅስቃሴ ካልከለከለ በቀር ተወው።

ሕመሙስ ከየት ይመጣል? ከልም አጥንቱ አይደለም፤ ነርቭ የለውም ብያለሁ። ከተቆጣው ሽፋን፣ ጫና ከበዛበት አጥንት፣ ከጅማትና ከጡንቻ ነው። ኤክስሬይና ሕመም የማይገጥሙትም ለዚህ ነው። ፎቶው ሲታይ ወና የሆነ ጉልበት ይዞ ገበያ ውሎ የሚገባ ሰው አለ። ፎቶው ደህና ሆኖ የሚያቃስትም አለ። በዚያ ላይ ኤክስሬይ ልም አጥንትን ጨርሶ አያሳይም። የሚያሳየው በሁለቱ አጥንቶች መሀል ያለውን ክፍተት ነው፤ እሱን አይተን ነው ስለ ልም አጥንቱ የምንገምተው። እናትህ ፎቶውን የተነሱት ቆመው ነው ወይስ ተኝተው? ተኝተው ከሆነ ክፍተቱ ከእውነቱ የሰፋ ሊመስል ይችላል። ቀጣይ ጊዜ «ቆመው ይነሱ» በል።

እንግዲህ እናትህ ምን ያድርጉ? ይራመዱ። ኩታበርም ሆነ ደሴ ሜዳ ፈልጎ መራመድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ አውቃለሁ። እዚህ ሲመጡ ሆጤ አካባቢ ወስደህ ደልዳላው ላይ አስኪዳቸው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለውን አቀበትና ቁልቁለት ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሲራመዱ ትንሽ ቢያማቸው አይፍሩ። መለኪያው በማግስቱ ነው፤ ሕመሙ ከወትሮው ብሶ ካደረ ቀንሱ፣ ካልባሰ ጨምሩ።

ከመራመዱም በላይ የምመክረው ግን የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ጉልበት ውሃ ሲቋጥር የፊት ጭን ጡንቻ በራሱ ጊዜ ይደክማል። ጡንቻው ሲደክም ደግሞ ጫናው ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። አንድ እግራቸውን ወደፊት ይዘርጉ፣ ጭናቸውን ያጥብቁ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ያውርዱ። አሥር ጊዜ በአንዱ፣ አሥር ጊዜ በሌላው። ከዚያ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ እጅ ሳይደገፉ ከቻሉ። ቡና እየተወቀጠ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ለውጡ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ነው፤ በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ካሉህ አትስማቸው።

ምርኩዝ ይያዙ። የሚያዘው ደግሞ ከሚያመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው። የቀኙ ጉልበት ከባሰ ምርኩዙ በግራ እጅ። ብዙ ሰው በዚያው በኩል ይይዘዋል፤ እንዲያ ብዙም አይረዳም። ቁልቁለት ሲወርዱ ጀርባቸው ላይ ምንም አይጫን። ጀሪካንም ሆነ እንጨት ልጆቹ ወይም አህያ ይሸከሙት። ክብደታቸውን አልነገርከኝም። ወፍራም ከሆኑ አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። ቀጭን ከሆኑ ግን፣ እባክህ፣ «ሥጋ አትብሉ፣ ምግብ ቀንሱ» አትበላቸው። ሥጋ አትብሉ የሚባለው ዩሪክ አሲድ ለሚያስቸግራቸው የሪህ ሕመምተኞች ነው። እኛ አገር ጉልበት ያመመው ሁሉ ሪህ አለብህ ተብሎ ከሥጋ ይከለከላል።

ሱጁዱን በተመለከተ ሸይኹን ማማከር ያንተ ፈንታ ነው። ግን ታሞ መሬት ላይ መውረድ ያቃተው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲሰግድ የተፈቀደ መሆኑን እናትህም ሳያውቁት አይቀሩም። አንዳንድ እናቶች ይህን ሲሰሙ ኢማናቸው የተነካ ይመስላቸዋል፤ አንተ ሳትሆን የሚያከብሩት ሰው ቢነግራቸው ይሻላል። የቡናው ዱካም ከፍ ይበል። መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ መሀሉ የተቀደደ ወንበር አናጢ ይሠራል፤ ውድ አይደለም። ከምጽፋቸው መድኃኒቶች ይልቅ በዚህ ወንበር የተመረቅኩት ይበዛል።

ሙቅ ፎጣ ጠዋት ላይ ለደረቀው ጉልበት ጥሩ ነው። ብርዱ ራሱ ልም አጥንት አይበላም፤ የደጋ ሰው ሁሉ ብርድ መታኝ ቢልም። ብርዱ የነበረውን ሕመም ያጎላዋል እንጂ። መተኮስና ዋግምት ይቅር። የቁስል በር ከመክፈት በቀር ልም አጥንቱ ጋ አይደርሱም። ወጌሻም ጉልበቱን እንዳይጠመዝዘው።

የቅልጥም መረቅ? ይጠጡ፣ ይጣፍጣል። ኮላጅኑ ግን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ እንደማንኛውም ፕሮቲን ነው የሚሆነው፤ ጉልበት ፈልጎ አይሄድም። ግሉኮሳሚን የሚባለውም ውድ እንክብል በ2006 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በጥቅሉ ከባዶ ክኒን አልተሻለም። ዘመድ ከውጭ «ልላክ» ካለ በምትኩ ጥሩ ጫማ ይላክ።

ጉልበት ላይ የሚወጋው የስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ ለጥቂት ሳምንት ያስታግሳል። ለሠርግ ወይም ለጉዞ አንዴ ቢወጉት አልቃወምም። እየደጋገሙ መወጋት ግን ሌላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉት ሰዎች በሕመም ረገድ ጨዋማ ውሃ ከተወጉት አልተሻሉም፤ ልም አጥንታቸው ግን የበለጠ ሳስቷል። ጉልበትን በሰው ሠራሽ መተካት የመጨረሻው አማራጭ ነው። አዲስ አበባ ይሠራል፣ ወጪው ከባድ ነው። የተተካው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። እናትህ እዚያ የደረሱ አይመስለኝም።

ወደ አክስትህ ልምጣ። እዚህ ላይ የድምፄ ቃና ይቀየራል። ሁለቱም እጅ፣ ጠዋት እብጠት፣ እስከ ረፋድ ድርቅ ማለት፣ አምስት ወር። ይህ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለውን በሽታ ያስጠረጥራል። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። መቁሰሉ የሚጀምረው ከሸክም አይደለም። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዘምትበታል። ስስ የነበረው ሽፋን ይወፍራል፣ ያብጣል፣ ልም አጥንቱ ላይ እየዳኸ ይወጣል። የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ደግሞ ቀደም ብዬ ያልኳቸውን አፍራሽ ሴሎች ይጠራል። እነሱም ልም አጥንት ከማይሸፍነው ጠርዝ ገብተው አጥንቱን ይቦረቡሩታል። ገንቢዎቹ ለምን አይሞሉትም? ያው ቁጣ እነሱን ያፍናቸዋል። ስለዚህ የእናትህ ጉልበት ዳር ላይ አጥንት በሚጨመርበት ቦታ፣ በአክስትህ ጣት ዳር ላይ አጥንት ይጎድላል። ኤክስሬይ ላይ አንዱ ጫፉ የሾለ፣ ሌላው የተነከሰ ሆኖ ይታያል።

(ሕጉ ሁልጊዜ እንዲህ አይሠራም። ወጣቶችን፣ በተለይ ወንዶችን፣ የሚይዝ የአከርካሪ ቁጣ አለ፤ እሱ መጨረሻው አጥንት ማብቀል ነው። ጠዋት ወገቡ ደርቆ ሲንቀሳቀስ የሚፈታለት፣ ሲተኛ የሚብስበት ጎልማሳ ቤታችሁ ካለ ለብቻው ጻፍልኝ።)

ሁለቱን በቤትህ እንዴት ትለያቸዋለህ? ሰዓት ያዝ። እናትህ ጠዋት ሲነሱ ጉልበታቸው ደርቆ ቢያገኙትም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል። ሲሠሩ ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል። አክስትህ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል፤ ሲንቀሳቀሱ ነው የሚሻላቸው። ቀጥሎ የትኛው መገጣጠሚያ እንዳበጠ እይ። ከጥፍር ሥር ያለው ጠንከር ብሎ ካበጠ ወደ እናትህ ዓይነት ያደላል። ጣት ከመዳፍ የሚገናኝበት፣ የጣት መሀልና የእጅ አንጓ ለስለስ ብሎ ካበጠ ወደዚህኛው ነው። እጃቸውን እንደምትጨብጥ ሆነህ ጣቶቹ የሚጀምሩበትን ቦታ ከግራና ቀኝ በስሱ ጨመቅ አድርገው። ዘለው እጃቸውን ከነጠቁህ በቂ ምልክት ነው። ምርመራው የደም ነው፤ ኢ.ኤስ.አር (ሰውነት ውስጥ ቁጣ መኖሩን የሚያሳይ)፣ አር.ኤፍ፣ ምርመራው ከተገኘም አንቲ ሲ.ሲ.ፒ (ሁለቱ መከላከያው በራሱ ላይ መዝመቱን የሚጠቁሙ ናቸው)። አር.ኤፍ «የለም» ቢባልም በሽታው የለም ማለት አይደለም። የእጅና የእግር ኤክስሬይም ይነሱ፤ በዚህ ጊዜ ምንም ባያሳይ አትዘናጉ። ንጹሕ ፎቶ ላይ መድረስ እኮ ነው ዕድሉ።

ለምን ትቸኩላለህ ካልከኝ፣ የተቦረቦረ አጥንት መልሶ ስለማይሞላ ነው። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲጀመር ነው ከሁሉም የሚያምረው። አምስት ወር ሆኗል፤ አሁንም ብዙ ማትረፍ ይቻላል። ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ይባላል። በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚዋጠው። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን። ተሳስቶ በየቀኑ መዋጥ ለሞት ይዳርጋል። አብሮት ፎሊክ አሲድ ይሰጣል። ጉበትና የደም ሴል በየጊዜው ይታያል። የማርገዝ ሐሳብ ወይም ዕድል ካለ ለሐኪሙ ቀድሞ ይነገር። ሥራ የሚጀምረው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በመሀሉ ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ሌላ ነገር ያክልበታል።

አሁን ክኒኑ። በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ስም ሳይጻፍበት የሚሰጥ ክኒን፣ አንድ ዓይነት ለሁለት ዓይነት ሕመም። ውስጡ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል። ምልክቱን ልስጥህ። ክኒኑ ተአምር ይሠራል፤ በማግስቱ «ድኛለሁ» ያስብላል። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ፊት ሞላ ሞላ ይላል፤ ጎረቤት «ተመቸሽ» ይላል። ያ ምቾት አይደለም። በወራት ውስጥ ስኳር ያወጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፤ አንዳንዴ የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ እንዲሞት ያደርጋል። የአክስትህን እብጠት ደግሞ ለጊዜው አጥፍቶ መርማሪውን ሐኪም ያሳስተዋል። ሄደህ ስሙን በወረቀት አስጽፍ። ስቴሮይድ ሆኖ ከተገኘ፣ ሳምንታት ከወሰዱት፣ በድንገት አታስቋርጣቸው። ሰውነት የራሱን ማምረት ትቶ ስለሚቆይ በአንዴ ሲቋረጥ ሊጥል ይችላል። ሐኪም ቀስ እያለ ያወርደዋል።

ዳይክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ ሆኖ ከተገኘም ከጉዳት ነጻ አይደለም። ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊት ላለባቸው አይመከርም። ለእናትህ ጉልበት ያው መድኃኒት በቅባት መልክ ይሻላቸዋል፤ ሆድን ብዙ ሳይነካ ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አልጠየቅከኝም ግን። ከሁለቱ በአንዳቸው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ይዞ ካበጠ ለነገ የሚባል ነገር የለም። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ባክቴሪያ በዓመታት የሚደርሰውን ጉዳት በቀናት ያደርሰዋል። ያን ቀን ሙቅ ፎጣም፣ ወጌሻም፣ የስቴሮይድ ክኒንም አይነካው፤ ቀጥታ ሆስፒታል። ትኩሳቱ እየሄደ እየመጣ፣ ማታ ማታ እያላበ ወገብ ወይም ጉልበት የሚያም ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ ያልተፈላ ወተት ይጠጣ እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ከከብት በጥሬ ወተት ይመጣል፤ መገጣጠሚያ ላይ መቀመጥ ይወዳል። ልጅ ከሆነ ደግሞ፣ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ቁርጭምጭሚት እየዘለለ ካስቸገረው፣ መገጣጠሚያው ይድናል፤ ልቡን ነው የምንፈራው። ቶሎ ይታይ።

«የዘር ነው ወይ» ላልከው፣ ሁለቱም ሕመሞች ከዘር የሚወረስ ድርሻ አላቸው፤ ግን አንዱ ወደ ሌላው አይለወጥም። እህትማማቾች ስለሆኑ አንድ ዓይነት ነው የሚለው አይሠራም። አንተም ጉልበቴን ያመኛል ብለህ ከአሁኑ አትጨነቅ።

አክስትህን በዚህ ሳምንት የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ አድርሳቸው። ሐኪም ቤት እስኪደርሱ እብጠቱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ጠዋት እንደነቁ ሁለቱንም እጆች ጠረጴዛ ላይ አስዘርግተህ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ጡጫ እንዲጨብጡ አድርገህም ሁለተኛ አንሳ፤ ጣቶቹ መዳፉን መንካት ካቃታቸው በደንብ ይታያል። ሰዓቱን ጻፍበት። እንዝርቱን መያዝ የቻሉበትንም ሰዓት ጻፍ። ይህን፣ የክኒኑን ስምና የደም ውጤቱን ለሐኪሙ አሳየው።